የኢንጋ ሁለት እግሮች

ከአልጋዋ እስከ በር አሥራ ሰባት ርምጃ፣
ከበሩ እስከ ወደብ… እሱን እንኳ እንጃ።
ኢንጋ ፍሌት በኦርክኒ፣ ነፋስ በላጨው ደሴት፣
የጀልባ ቲኬት ትሸጣለች በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣
ሌላው ሰው ተሻግሮ ሲሄድ፣ ሌላው ተሻግሮ ሲመጣ።

ጠዋት ጠዋት እስከ መታጠቢያው በጉልበቷ ትድኻለች፤
ተረከዟ እንደ ዛፍ ቅርፊት ወፍሮ፣ ከሥሩ ውኃ ቋጥሯል፣
ሲቆሙበት ፍም ነው፤ ሲቀመጡም ጠዝጥዞ ያድራል።
አባቷም እንዲሁ ነበር፣ ዓሣ አጥማጁ።
ባሕሩን የወደደው በሌላ አልነበረም፣ እሷ እንደምትለው፦
ጀልባ ላይ ሰው አይራመድም፤ ጀልባዋ ናት የምትሄደው።

«እግሬ አውጪኝ» ይላል ሰው፣ መከራ ሲመጣበት፤
የኢንጋ መከራ እግሯ ነው፤ በየትኛው እግር ታምልጥበት?

ነገሩ የአንድ ፊደል ነው።
ሐኪሞቹ ሲያስረዷት ነጥቡ ጠፋባት፤ እኔ በእኛ ፊደል ልሞክር፦
በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ብለህ ጻፍ፤ ፀሐይ ወጣ፣ ነጋ።
እሳቱን ሰ አስገባበት፤ «ሰረቀ»፣ ሌባ ገባ።
ድምፁ አንድ፤ ጮኾ ላነበበው ምንም የተለወጠ የለም።
በኢንጋ የሥጋ መጽሐፍ፣ ከሦስት ቢሊዮን ፊደል መሐል፣
ጸሐፊው አንድ ሌሊት አንቀላፍቶ
በንጉሡ ቦታ እሳቱን አስቀመጠ፤
እሳቱም ወርዶ ወርዶ እግሯ ሥር ተቀመጠ።
አባቷ ስሕተቱን ሳያውቅ ገልብጦ፣ ለልጁ ቅጂ ሰጠ።

አሁን ስለ ሌሎቹ።
ሳፖሮ፣ በቤተ ሙከራ፣ ቺዙ የምትባል ሴት
ከዚያ ተረከዝ የተላጠች፣ ከጥፍር የማትበልጥ ቁራጭ
ሁለት ዓመት መግባለች፣ ቅዳሜም ሳይቀር፣
በረዶ ሲጥል በባቡር፣ ባቡር ሲቆም በእግር።
የባለቤቷን ስም አታውቅም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር፦
አርባ አንድ።
«አርባ አንድ፣ እንዴት አደርሽ?» ትላለች፣ ሰው ሳይሰማት።

ሉብሊያና፣ ቦጎሚር፣ የቁጥር ሰው፣
ከየአገሩ የተላከለትን ሕመምተኛ ሁሉ ደምሮ
አንድ አዳራሽ እንደማይሞላ ሲያይ እርሳሱን ጣለ።
«በዚህ ቁጥር ምንም አይረጋገጥም፤
ለእነዚህ ብሎ ከአልጋው የሚነሣ ነጋዴም የለም» አለ።
ሌሊት ግን ነቃ፤ መብራት ሳያበራ ጻፈ፦
«እግር ሁለት ነው!
አንዱ መድኃኒቱን ያግኝ፣ አንዱ የጨው ውኃ፤
ሰው ለገዛ ራሱ ምስክርም ባላጋራም ይሁን።»

ዳንዲ፣ በወንዙ ዳር ሆስፒታል፣
ነርስ ሼና ሁለት መርፌ ይዛ፣ ሁለቱም ጥርት ያሉ፤
የቱ የቱ እንደሆነ እሷም አታውቅ፣ ሐኪሙም።
የሚያውቅ አንድ የታሸገ ፖስታ ነው።
«ያማል» አለቻት።
ኢንጋ ሳቀች።

በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ በግራ ተረከዟ
ቅርፊቱ ረገፈ፤ ከሥሩ ለጋ ቆዳ፣
ስፋቱ አንድ የጀልባ ቲኬት።
ቀኙ እንደነበረው።
ሼና ፎቶ አነሣች፤ መናገር ክልክል ነውና ዝም አለች።
ኢንጋም ዝም አለች፤ ማታ ግን ብቻዋን ስትሆን
በአንድ እግሯ እንደ ሽመላ ቆማ ሻይ ጣደች፤
ውኃው እስኪፈላ። እስኪፈላ ድረስ!

ፖስታው ተከፈተ፤ ግራው ነበር።
አትቸኩል። መርፌው ራሱ ስቃይ ነው፣ ለመላ እግር አይሆንም፤
ሲቆምም ያቺ ለጋ ቦታ ተመልሳ ጠጠረች።
ቅባት ቢሆንስ አሉ፤ ሌላ አምስት ዓመት፣ ሌላ ጠርሙስ።
ኢንጋ እንደገና ወደ መታጠቢያው ዳኸች።

አንድ ቀን ሳፖሮ ደብዳቤ ደረሰ፣ ከሐኪሞቹ እጅ ዞሮ።
ፎቶ ነው፦ ርጥብ አሸዋ፣ በላዩ አንድ የግራ እግር ዱካ፣
ከጎኑ የበርጩማ ሦስት ቀዳዳ።
ከጀርባው፦ «ከአርባ አንድ። ስሜ ኢንጋ ነው።»

ቺዙ ፎቶውን በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው።
ጠርሙሷን አወጣች፣ ምግቧን ቀየረችላት።
«ኢንጋ፣ እንዴት አደርሽ?» አለች፣
በዚህ ጊዜ ሰው እየሰማት።
ቅዳሜ ነበር።